ክረምት ሲገባ የሚጎድል ወንዝ (የማኬንዚን ነገር የምታውቁ እስቲ ወዲህ በሉ)

ጣና_ዳር፣ ጥቅምት 4

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ወሬ ሳላበዛ ልግባ። አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ተምሬ፣ ከዚያ 4 ዓመት ያህል የአባይ ተፋሰስ ላይ የፍሰት ሞዴል ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ካናዳ ለማስተርስ ገብቻለሁ። ፕሮፌሰሬ የሰጠኝ ሥራ ከኢኑቪክ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ጅረት ናት። ኢኑቪክ ማለት ካርታው ላይ ጣትህን ወደ ላይ ገፍተህ ገፍተህ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል የምታገኛት ከተማ ናት። የማኬንዚ ወንዝ ዴልታ ዳር።

ባለፈው ሳምንት ዳታውን ከፈትኩት። ግራ ገባኝ። እኛ አገር ነገሩ ግልጽ ነው። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ይዘንባል፣ ከዚያ ወንዙ ይሞላል። የዝናቡን ግራፍ ከላይ፣ የፍሰቱን ከታች ታደርጋለህ፤ ሁለቱ እየተጠራሩ ይሄዳሉ። እዚህ ግን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ጠብ ያለ ዝናብ ሳይኖር፣ ጅረቷ ከምንም ተነስታ በጥቂት ቀናት የዓመቱን ከፍተኛ ትደርሳለች። ሐምሌ ላይ ደህና ዝናብ ይወርዳል፤ እሷ እቴ፣ ነቅነቅ አትልም። የዋናው ወንዝ ጣቢያ ቁጥሮች ደግሞ ከኅዳር እስከ ግንቦት አጠገባቸው "ቢ" የሚል ፊደል ተለጥፎባቸዋል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከየት ልጀምር? ይሄ "ቢ" ምንድን ነው? ሦስተኛ (ሁለት ብዬ ነበር አይደል) ለመስክ ምን ልብስ ልግዛ? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ አድርጉልኝ፣ ከዳታው ጋር እንዳይምታታብኝ።


ጋሼ_ታክሲ፣ ጥቅምት 4

የልብሱን ለእኔ ተወው ልጄ። የሎውናይፍ ታክሲ ስነዳ 14 ዓመቴ ነው። ጃኬት በቅናሽ አትግዛ። ጫማ ከእግርህ አንድ ቁጥር ይብለጥ፤ ጠባብ ጫማ ነው እግር የሚያደርቀው። ጓንት ሁለት ድርብ፣ ስሱ ከውስጥ። ሌላውን ምሁራኑ ይንገሩህ።


አመዳይ፣ ጥቅምት 5

እንኳን ደህና መጣህ ጣና_ዳር። እኔ ሰሜን ላይ በመስክ ቴክኒሻንነት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልለፍልፍ፣ ፍቀዱልኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። "ክረምት" ስትል የትኛውን ነው? እናትህ ጋ ደውለህ "ክረምት ገባ" ብትላቸው ጭቃ፣ ጃንጥላና የተጠበሰ በቆሎ ነው የሚታያቸው። ወንዝ የሚሞላበት ጊዜ። የዚህ አገር ክረምት ወንዝ የሚጎድልበት ነው። ማኬንዚ ባሕር ሊገባ ሲል ባለው ትልቁ ጣቢያ፣ በየካቲትና በመጋቢት ፍሰቱ በሰከንድ 3 ወይም 4 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ሰኔ መግቢያ ላይ ከ20 ሺህ ያልፋል። "በረዶ" የሚለውም ቃል ያስቸግራል። እኛ ጣሪያ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውንም፣ ወንዝ ላይ የሚጋገረውንም በረዶ ነው የምንለው። ለዚህ ሥራ አይመችም። እኔ የሚወርደውን አመዳይ፣ የተጋገረውን በረዶ እላለሁ። የድሮ ቃል ነው፤ ከመጥፋቱ በፊት ቀድሜ ስም አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንተ የለመድከው የውሃ ሂሳብ ነው፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። እዚህ ሁለተኛ ደብተር ያስፈልግሃል፤ የሙቀት ደብተር። ከጥቅምት ጀምሮ የወረደው ሁሉ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ውሃውስ አለ፤ የጎደለው የሚያቀልጠው ሙቀት ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ይፈጃል። በዚያው ሙቀት ያንኑ 1 ኪሎ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ልታሞቀው ትችል ነበር፤ ሻይ ሊፈላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ አዲስ አመዳይ ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ የማያንሰውን መልሶ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ለዚህ ነው ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ለሳምንታት ምንም ያልተፈጠረ የሚመስለው። አመዳዩ ሲርስ፣ ሲጠቁር፣ መሬቱ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ነገሩ ይፈጥናል። ያኔ ኢኑቪክ ላይ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። የ8 ወር ውሃ በአንድ በሁለት ሳምንት ይለቀቃል። ጅረትህን በግንቦት ያሳበዳት እሱ ነው።

የሐምሌው ዝናብ የት ገባ? ከሥር ፐርማፍሮስት አለ። ቢያንስ 2 ዓመት በተከታታይ ከዜሮ በላይ ያልሞቀ መሬት ነው ትርጉሙ፤ እዚያ ያለው ግን ዕድሜው በሺህ ዓመታት ነው የሚቆጠር። በበጋ የምትቀልጠው ከላይ ያለችው ስስ ሽፋን ብቻ ናት። ግንቦት ላይ እሷም ገና ድንጋይ ስለሆነች ውሃው መግቢያ አጥቶ በላይ በላዩ ይንሸራተታል። ሐምሌ ላይ ግን ቀልጣለች። አፈሩ ያልበሰበሰ ሣር የተጠቀጠቀበት ስፖንጅ ነው። ዝናቡን ይጠጣዋል፣ የቀረውን ደግሞ ተክሉና ኩሬው ወደ አየር ይመልሱታል።

"ቢ" ማለት "እዚህ ጋ በረዶ ነበር" ማለት ነው። የውሃውን ከፍታ ለክተህ በሬቲንግ ከርቭ ወደ ፍሰት ትቀይራለህ አይደል? ወንዙ ላይ በረዶ ሲጋገር ያ ከርቭ ዋጋ የለውም። በረዶው ከላይ ስለሚጫነውና ስለሚፈትገው ከፍታው ይጨምራል፣ ፍሰቱ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ሰዎች በክረምቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሄደው በረዶውን በመሰርሰሪያ እየበሱ፣ በየቀዳዳው መለኪያ አስገብተው ይለካሉ። በመካከል ያሉት ቀናት ግምት ናቸው። ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው። በረዶው የሚሰበርበት ሳምንት ደግሞ ማንም ወንዙ ላይ መቆም አይችልም፤ የቆመውንም መለኪያ ይጠራርገዋል። እንግዲህ አስበው። ከዓመቱ ሁሉ አብልጠን የምንፈልገው ቁጥር፣ ከዓመቱ ሁሉ በባሰ ሁኔታ የሚለካው ነው።

የሚወርደውም ያው ነው። ነፋስ ካለ አመዳዩ የመለኪያው አፍ ላይ ተጠማዞ ያልፋል እንጂ አይገባም። ገላጣ ቦታ ላይ የወረደውን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያመልጠዋል። መለኪያውን በሁለት ዙር የእንጨት አጥር ከበውት ብታይ በግ ያረቡበታል እንዳትል፤ ለነፋሱ ነው።

ስለዚህ ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከሞዴሉ አትጀምር። ሞዴልህ አልገጥም ሲልህ መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ጠይቅ።


ጠጠር፣ ጥቅምት 5

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቆጡ። የአባይ ልጅ የአባይን ጥናት ትቶ ማንም የማይኖርበት ቦታ በረዶ ሊመዝን መሄዱ ለኔ አይገባኝም። አገራችን ውስጥ ጠዋት ከፍተህ ማታ ውሃ የማታገኝበት ከተማ ሞልቷል። ስኮላርሺፕ ነው፣ ገባኝ። ግን ጥናት አንለው።


ጋሼ_ታክሲ፣ ጥቅምት 5

ማንም የማይኖርበት? እኔስ ማን ነኝ?


ሞዴለኛው፣ ጥቅምት 6

ከእህታችን አመዳይ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ዳታው ደካማ ነው፣ እሺ። ግን ልጁን በሙቀት ደብተር አታስፈራሪው። ከሥራ ልምዴ ልናገር። የዕለት አማካይ ሙቀት ወስደህ፣ ከዜሮ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ይቀልጣል ትላለህ፤ አለቀ። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምታስተካክለው። ሙሉ የሙቀት ሂሳብ ጨረር፣ ነፋስ፣ እርጥበት፣ ደመና ይፈልጋል። እነዚህን የሚለካ ጣቢያ በዚያ አገር በጣት የሚቆጠር ነው። ተፋሰሱ 1.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፤ ኢትዮጵያ ራሷ 1.1 ሚሊዮን ናት። የሌለህን ዳታ በምን ትሞላዋለህ? በግምት። ታዲያ ከአንድ ግምትና ከአምስት ግምት የቱ ይሻላል?

ለንባብ ማግስን ፈልግ። የማኬንዚ ጌዌክስ ጥናት ነው፣ ከ1994 እስከ 2005 የቆየ። ጌዌክስ የዓለም የአየር ንብረት ምርምር ፕሮግራም ክፍል ነው። የዚያ ጥናት ትልቁ ነገር የአየር ሰዎችንና የውሃ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ ነው። ቀድሞ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም ነበር። ሲጀምሩ ደግሞ የ1994/95 የውሃ ዓመት (ከጥቅምት እስከ መስከረም የሚቆጠር) ወንዙ እጅግ ያነሰበት ሆነ። በ1998 እና 99 ጨክነው መለኪያ አብዝተው አንድ ሙሉ የውሃ ዓመት ተከታተሉት።


አመዳይ፣ ጥቅምት 6

ሞዴለኛው፣ ጫካ ውስጥ ቢሆን ዝም እልህ ነበር። ቱንድራ ላይ፣ ዛፍ በሌለው ቀዝቃዛ ሜዳ ማለቴ ነው፣ ግን አልለቅህም። የምታቀልጠውን ከመቁጠርህ በፊት እኮ የሚቀልጠው ስንት እንደሆነ ማወቅ አለብህ። እዚያ ነፋሱ አመዳዩን ክረምቱን በሙሉ እያነሳ ይጥለዋል። ሜዳው ላይ እስከ ጉልበትህ የማይደርስ ታገኛለህ፤ ቁጥቋጦው ጥግና ገደሉ ሥር ቁመትህን ይበልጣል። በአየር ላይ ሳለ ደግሞ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን የሚለወጥ አለ። ለዚያ የሚፈጀው ሙቀት ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ከ8 እጥፍ በላይ ነው፤ ግን ነፋስና ደረቅ አየር ካገኘ ይሆናል። ይሄ ውሃ ወንዝ ጋ ጭራሽ አይደርስም። ያንተ አንድ ቁጥር ይህን አያውቅም። ዘንድሮ በደንብ ይገጥምልህና በሚቀጥለው ዓመት ለምን እንደሳተ አታውቀውም።

የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲው ጆን ፖምሮይና ባልደረቦቹ የሠሩት የቀዝቃዛ አካባቢዎች የውሃ ሞዴል ለዚህ ነው የተሠራው። በነፋስ የሚነዳውን፣ የሚተነውን፣ የቀዘቀዘ አፈር ውስጥ የሚሰርገውን ለየብቻው ያሰላል። ውስብስብ ነው፣ አልክድም። የመስክ ሰው ስለሆንኩ ላዳላ እችላለሁ።


ሞዴለኛው፣ ጥቅምት 6

ታዳያለሽ እንጂ። ግን ቁጥቋጦው ላይ ይሁንልሽ።


የሐና_እናት፣ ጥቅምት 8

ልጆች፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። የማውቀው ያየሁትን ነው። ፎርት ማክመሪ ነው የምኖረው፣ አታባስካ ወንዝ አጠገብ። ሚያዝያ 2020 ነው። ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ። ኮሮና ስለነበር ሁላችንም ቤት ነን። ልጄ ሐና "ማሚ፣ ወንዙ ቆሟል" አለችኝ። ሄደን አየን። እውነትም ቆሟል። የቤት ጣሪያ የሚያህል በረዶ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ፣ ውሃው ወደ ኋላ እየሞላ ነው። ድምፁ እንደ ከባድ መኪና ነው፣ ከሩቅ ይሰማል። በማግስቱ ውጡ ተባልን። መሃል ከተማው በውሃ ተያዘ። ወደ 13 ሺህ ሰው ነው የወጣው። እኔ በ2016 በእሳት ወጥቼ፣ በ2020 በበረዶ ወጣሁ። ምድር ቤት ያስቀመጥኩት የእናቴ ሞሰብ እንኳ አልተረፈም። ለምን ያለ ዝናብ እንደሚሞላ እስከ ዛሬ ማንም አላስረዳኝም።


አመዳይ፣ ጥቅምት 8

እማማ፣ ለሞሰቡ አዝናለሁ። ላስረዳዎት።

አታባስካም ማኬንዚም ወደ ሰሜን ነው የሚፈሱት። ሙቀት ቀድሞ የሚደርሰው ደቡብ ነው። ስለዚህ የወንዙ ራስ ቀልጦ፣ ውሃውና የተሰባበረው በረዶ ወደ ታች ሲጓዝ፣ የታችኛው ወንዝ ገና እንደተቆለፈ ነው። ከኋላ ሕዝብ እየገፋ በሩ ያልተከፈተ አዳራሽ አድርገው ይዩት። በዚያ ላይ እናንተ ከተማ ጋ ሲደርስ ወንዙ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳ ይገባል፤ በረዶው ፍጥነቱን አጥቶ እዚያው ይከመራል። ያ የበረዶ ግድብ ነው ወደ ከተማ ውሃ የመለሰው። የውሃው መጠን ብዙ ሆኖ አይደለም። ክፍት ወንዝ ቢሆን ያው ውሃ ማንንም ሳይነካ ያልፍ ነበር።

ይሄው ነገር በግንቦት 2021 ፎርት ሲምፕሰን ላይ፣ በግንቦት 2022 ደግሞ ሄይ ሪቨር ከተማ ላይ ደርሷል። ፎርት ሲምፕሰን ያለችው ሊያርድ ወንዝ ማኬንዚን የሚገናኝበት ላይ ነው። ሊያርድ ከተራራ ነው የሚመጣ፣ ቀድሞ ይሰበራል፤ ማኬንዚን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የዴኔ ሽማግሌዎች ይህን ከመለኪያ በፊት ያውቁት ነበር። ወንዙን ዴቾ ይሉታል፣ ትልቁ ወንዝ ማለት ነው።


የሐና_እናት፣ ጥቅምት 8

እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። አዳራሹ ገባኝ። በሰርግ ደርሶብኛል።


ዘመዴ07፣ ጥቅምት 9

ሁሉም ዝም ያለውን እኔ ልናገር። ግድብ የለም ወይ እዚያ? ወንዙ ጎደለ፣ ጀልባ ቆመ ሲባል እየሰማን ነው። ግድብ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው። እኛን ሲሉን ይኖራሉ፣ ራሳቸውስ?


ጋሼ_ታክሲ፣ ጥቅምት 9

ጀልባው እውነት ነው። ወደ ኖርማን ዌልስ መኪና በበጋ አይገባም። ነዳጅ፣ ሲሚንቶ፣ ሁሉም በበጋ በጀልባ በማኬንዚ ይሄድ ነበር። በ2024 ውሃው ስላነሰ ጀልባው መድረስ አቃተው። ነዳጅ በአውሮፕላን ተጫነ። በአውሮፕላን የመጣ ነዳጅ ስንት እንደሚገባ አስቡት እንግዲህ። እኛ ጋም ትልቁ ሐይቅ፣ ግሬት ስሌቭ ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ሸሽቶ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ነሐሴ 2023፣ ደኑ ተቀጣጥሎ ከተማው በሙሉ ውጡ ተባለ። 20 ሺህ ሰው በአንድ መንገድ። ታክሲዬ ላይ 4 ሰው ጭኜ በጭስ ውስጥ ነዳሁ። ሒሳብ አልጠየቅሁም።

ድሮ ደግሞ ሌላ ነበር። የዴቾ ድልድይ በኅዳር 2012 ሳይከፈት በፊት ወንዙን በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶው ላይ ነበር የምንሻገረው። በመሃል በረዶው ለመኪና ያልጠነከረበት ለጀልባም የማይመችበት ሳምንታት አሉ። ያኔ መንገድ የለም። ቲማቲም በአውሮፕላን ነው። እኛ ሽንኩርት አስቀድመን እናከማች ነበር፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት መቼም አይሆን።

አንድ ጥያቄ አለኝ ለምሁራኑ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሐይቁ ይጨሳል። እንደ ድስት። ብርዱ እየጨመረ ነው ጭሱ የሚብሰው። ለምንድን ነው?


አመዳይ፣ ጥቅምት 10

ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነገር አዩ። ግሬት ስሌቭ ጥልቅ ነው። በበጋ የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ገና ሞቅ ያለ ነው። ሞቃት ውሃ፣ ቀዝቃዛ ደረቅ አየር፣ ነፋስ፤ ትነት የሚወደው ይህንን ነው። ሐይቁ ላይ የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ይሄንኑ ነው። የዓመቱ ትነት አብዛኛው ከብርዱ በፊት ባሉት ወራትና በዚህ አገር ክረምት መግቢያ ላይ ነው የሚወጣ እንጂ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሰኔ አይደለም። ያ የሚጨሰው ከሐይቁ የሚወጣ ውሃ ነው። ጣና_ዳር፣ የጣናን ትነት አስበህ ብትመጣ ትሳሳታለህ።

ዘመዴ07፣ ግድብ አለ። ውሃው በመጨረሻ ማኬንዚ በሚገባው ፒስ ወንዝ ላይ፣ የቤኔት ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ። ከ1968 እስከ 71 የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ ታች ያለው ውሃ በጣም ቀንሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያደርገው ውሃውን መውሰድ ሳይሆን ጊዜውን ማዛወር ነው። የግንቦትና የሰኔን ውሃ ይይዛል፣ በክረምት ኤሌክትሪክ ሲፈለግ ይለቃል። ስለዚህ ክረምት ላይ ያለው ፍሰት ከድሮው ይበልጣል።

ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፒስና አታባስካ የሚገናኙበት ዴልታ አለ፣ ውድ ቡፋሎ ፓርክ ውስጥ። ከወንዙ ከፍ ብለው የተቀመጡ ትንንሽ ሐይቆች አሉት። እነሱን የሚሞላቸው ተራ ሙላት አይደለም፤ ለእማማ የነገርኳቸው የበረዶ ግድብ ነው። ከተማን የሚያጠፋው ነገር ለዴልታው ቀለቡ ነው። እሱ ሲቀንስ ሐይቆቹ ደረቁ፣ ሣሩ ቁጥቋጦ ሆነ፣ ማስክራት የሚባለውን የውሃ አይጥ አድኖ የሚኖረው ሰው ተቸገረ። ምን ያህሉ የግድቡ፣ ምን ያህሉ የአየሩ ነው በሚለው ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የ2023 እና 24ቱ ግን ዋናው ድርቅ ነው፤ ደቡብ ላይ ያሉት ራስጌዎች ውሃ አላገኙም።


ዘመዴ07፣ ጥቅምት 10

እሺ በግማሽ አሸነፍሽኝ።


ጣና_ዳር፣ ጥቅምት 12

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለ3 ቀን ሳነበው ነበር። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ሒሳብ ሠራሁ። ማኬንዚ በዓመት ወደ 300 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ወደ ባሕር ያወርዳል፤ አባይ ድንበራችን ላይ ወደ 50 ቢሊዮን። 6 እጥፍ። ለመሬቱ ስፋት ስታካፍለው ግን ነገሩ ይገለበጣል። አባይ ከመሬቱ 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ያወጣል፣ ማኬንዚ 170 ገደማ። ትልቅ ነው እንጂ ርጥብ አይደለም። ይሄ አላሰብኩትም ነበር።

ሁለተኛ፣ ለጠጠር። አልተቆጣሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛ ጋ ነሐሴ ላይ፣ ወንዙ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ፍሰት የለካ ስንት ጊዜ አይተሃል? እኔ በ4 ዓመት ውስጥ አላየሁም። በዝቅተኛው ውሃ የተለካውን ከርቭ ወደ ላይ አስረዝመን ነው የጎርፉን ቁጥር የምንጽፈው። "ቢ" የሚል ፊደል እንኳ አንለጥፍበትም። እኔ ራሴ በዚያ ቁጥር ሞዴል አስተካክዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ። የአመዳይን መልስ ሳነብ ጆሮዬ ነው የቀላው።


ጠጠር፣ ጥቅምት 12

ይሄኛውን ከመጀመሪያው ብትለው ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን አሁንም የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል እላለሁ።


ሞዴለኛው፣ ጥቅምት 13

ለጠጠር አንድ ልጨምር። ማንም የማይኖርበት ያልከው ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ ከዓለም የባሕር ውሃ 1 በመቶ ገደማ ነው የያዘው። የዓለም ወንዞች ወደ ባሕር ከሚያፈሱት ግን ከ10 በመቶ በላይ እሱ ውስጥ ይገባል። ማኬንዚ፣ ሌና፣ የኒሴይ፣ ኦብ። የሩሲያ 6 ትልልቅ ወንዞች ከ1936 እስከ 1999 ፍሰታቸው በ7 በመቶ ጨምሯል፤ በ2002 የታተመ ጥናት ነው። ጨዋማ ባሕር ላይ ይህን ያህል ጣፋጭ ውሃ ስትጨምር የበረዶው አፈጣጠርም የውቅያኖሱ ዝውውርም ይነካል።


አመዳይ፣ ጥቅምት 13

ፐርማፍሮስቱንም አንርሳ። ሰሜን ካናዳ ከ1948 እስከ 2016 በ2.3 ዲግሪ ሞቋል። ከፎርት ሲምፕሰን ደቡብ ስኮቲ ክሪክ የሚባል የምርምር ቦታ አለ። እዚያ ፐርማፍሮስቱ እንደ ደሴት ከረግረጉ ከፍ ብሎ፣ ጥድ ተሸክሞ የቆመ ነው። ከሥር ሲቀልጥ ደሴቱ ይሰምጣል። ዛፎቹ እንደ ሰካራም ዘመም ይላሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ፣ ቦታው ረግረግ ይሆናል። ለየብቻ የነበሩ ረግረጎች ሲገናኙ ቀድሞ ታግዶ የነበረ ውሃ መንገድ አግኝቶ ወደ ጅረቱ ይሄዳል። ዝናቡ ሳይጨምር ፍሰቱ ጨመረ። ዝናብና ፍሰት ብቻ የሚያይ ሞዴል ይህን በምን ያውቀዋል?

ጣቢያው በ2022 ነሐሴ ላይ አመራሩ ለአካባቢው የዴኔ ሕዝብ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የደን እሳት መጥቶ ካምፑን በላው። ጥቅምት ላይ! ሰሜን ላይ አመዳይ መሬት መሸፈን ባለበት ወር። እንደገና ሠርተውታል።


ጣና_ዳር፣ ሚያዝያ 19

ክሩን ከቀብሩ ላወጣው ነው። መስክ ላይ ነኝ። ካምፑ ውስጥ ኢንተርኔት በምሽት ትንሽ ትንሽ ይመጣል።

ሥራችን አመዳይ መመዘን ነው። ረጅም ቱቦ አለ፣ ጫፉ ጥርስ ያለው። ቀጥ አድርገህ እስከ መሬት ትሰካዋለህ፣ ጥልቀቱን ታነባለህ፣ ከዚያ ከነያዘው አውጥተህ በሚዛን ታንጠለጥለዋለህ። ክብደቱ ስንት ሚሊ ሜትር ውሃ እንደሆነ ይነግርሃል። 50 ሳንቲ ሜትር አመዳይ፣ ክብደቱ የውሃ ሩብ ከሆነ፣ 125 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። በቀን ከመቶ በላይ እንሰካለን። አመዳይ እንዳለችው ነው። ሜዳው ላይ ቱቦው ወዲያው መሬት ነካ። 20 እርምጃ ወርጄ ቁጥቋጦው ውስጥ ስገባ ቱቦው ተዋጠ፣ እኔም እስከ ወገቤ ገባሁ። አብሮኝ የነበረው የኢኑቪያሉት (የዚህ አካባቢ ነባር ሕዝብ) ሰው እስኪያወጣኝ ድረስ ይስቅ ነበር። ቁጥቋጦው በልጅነቱ እንደዚህ አልነበረም ይላል። ያ ሁሉ አመዳይ ደግሞ ለመሬቱ ጋቢ ነው፤ ብርዱ ወደ ታች እንዳይገባ ይከለክላል። በጋ ላይ እዚያ ሥር ሽፋኑ ይበልጥ ይቀልጣል፣ ቁጥቋጦውም ይበልጥ ያድጋል።

አሁን ችግሬ። የካምፑ መለኪያ ክረምቱን በሙሉ የሰበሰበውና በቱቦ የመዘንነው አልተገናኙም። የኛው በጣም ይበልጣል። የነፋሱን ማስተካከያ ስጨምርበት ቀረብ አለ፣ ግን አሁንም ልዩነት አለ። ወይ ማስተካከያው አነሰ፣ ወይ እኛ ቁጥቋጦ አብዝተናል። ሞዴለኛው፣ ያንተን አንድ ቁጥር ሞከርኩት። ላለፈው ዓመት ግጥም አለ። ካቻምና ላይ የሙላቱን ቀን በ6 ቀን ስቷል።


ሞዴለኛው፣ ሚያዝያ 19

6 ቀን ለአንድ ቁጥር መጥፎ አይደለም።


አመዳይ፣ ሚያዝያ 19

ቁጥቋጦ አብዝታችኋል። ልኬታችሁን በመሬቱ ዓይነት ስፋት አመዛዝነው፤ ከተፋሰሱ ቁጥቋጦ ስንት በመቶ ነው፣ ከነጥቦችህስ ስንት በመቶ? ከዚያ እንደገና አስላ። ደግሞ በምን ነው የምትጽፈው?


ጣና_ዳር፣ ሚያዝያ 20

በእስክሪብቶ ጀምሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቀለሙ ረጋ። የ40 ነጥብ ቁጥር ጓንቴ ላይ በጭረት ነው ያለው።


ጋሼ_ታክሲ፣ ሚያዝያ 20

እርሳስ ልጄ። እርሳስ። ልብሱን ብቻ ነው የጠየቅኸኝ።